ረቂቁን ለማን ላሳይ? የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ለማሳተም ለሚያስብ ሰው

ልብ ወለድ ጽፎ የጨረሰ ሰው ምክር ፍለጋ ወደ ኢንተርኔት ሲገባ የሚያገኘው አብዛኛው ለኒው ዮርክና ለለንደን ገበያ የተጻፈ ነው። የደራሲ ወኪል ይፈልጉ፣ ለወኪሉ ደብዳቤ ይጻፉ፣ በቅድሚያ ክፍያ ላይ ይደራደሩ ይላል። በአማርኛ መጽሐፍ ገበያ ግን የደራሲ ወኪል የሚባል ሥራ የለም ማለት ይቻላል። እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ የሚያፈላልገው፣ አርታኢ የሚፈልገው፣ ከማተሚያ ቤት ጋር የሚዋዋለውና የታተመውን መጽሐፍ ጭኖ ለአከፋፋይ የሚያስረክበው ደራሲው ራሱ ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልግዎትን ምክር ሁሉ ከአንድ ስመ ጥር ደራሲ አያገኙትም። አንባቢ የሚያውቀውን አርታኢ አያውቀውም፤ አከፋፋይ የሚያውቀውን ደግሞ ሁለቱም አያውቁትም። ብዙ ጀማሪዎች የሚደክሙት ምክር አጥተው አይደለም፤ ለአንዱ የሚቀርበውን ጥያቄ ለሌላው እያቀረቡ ነው። መጽሐፍ ሻጭን ስለ ገጸ ባሕርይ፣ ደራሲን ስለ ወረቀት ዋጋ፣ እናትን ስለ ታሪኩ አወቃቀር ይጠይቃሉ። ከዚህ በታች ማንን፣ መቼ፣ ምን ብለው እንደሚጠይቁ በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

በመጀመሪያ ረቂቁን ይጨርሱ

ሦስት ምዕራፍ ጽፎ አስተያየት የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው የሚፈልገው መበረታታትን ነው። የተመሰገነ ዕለት ደስ ብሎት ይተኛል፤ አራተኛው ምዕራፍም በዚያው ይቀራል። እስከ መጨረሻው ይጻፉ፤ ጉድለቱን እያወቁም ቢሆን ይጨርሱ። ከዚያ ለጥቂት ሳምንታት አይንኩት።

ሲመለሱበት ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት። አማርኛ ከዓይን ይልቅ ለጆሮ የቀረበ ቋንቋ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ቤት ሳይቀር የገባው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ነው። ጮክ ብለው ሲያነቡ ምላስዎን ያደናቀፈው ዐረፍተ ነገር አንባቢዎንም ያደናቅፋል፤ እዚያው ምልክት ያድርጉበት። የሚያፍሩበት ገጽም ይኖራል፤ ቶሎ ሊያልፉት ስለሚፈልጉ ድምፅዎ ይፈጥናል። እሱንም ምልክት ያድርጉበት።

ንባቡን ሲጨርሱ የሚያሳስቡዎትን ሁለት ወይም ሦስት ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። «መሐሉ ይረዝማል»፣ «የአባትየው ንግግር የመጽሐፍ ንግግር ሆኗል»፣ «መጨረሻው የተቻኮለ ይመስላል» ዓይነት ይሁን። ይህን ወረቀት አይጣሉት፤ ኋላ ላይ ይፈለጋል።

ያለ ክፍያ የሚያማክሩ መጻሕፍት

በአማርኛ ስለ ልብ ወለድ አጻጻፍ የተጻፈ የለም የሚለው ስሞታ ልክ አይደለም። የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» አለ፤ የደረጀ ገብሬ «ተግባራዊ የጽሕፈት መማሪያ» አለ፤ «አደፍርስ»ን የጻፈው ዳኛቸው ወርቁም «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የሚል መጽሐፍ ትቶልናል። ከመደብር ካጡዋቸው አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን ወይም ቤተ መጻሕፍትን ይጠይቁ። አንድ ነገር ልጠቁም፦ እነዚህን መጻሕፍት ልብ ወለድዎን ከመጀመርዎ በፊት ከዳር እስከ ዳር አያንብቧቸው፤ እጅዎን ያስራሉ። ረቂቁ ካለቀ በኋላ ወረቀቱ ላይ የጻፉትን ጥርጣሬ የሚመለከተውን ምዕራፍ ብቻ አውጥተው ያንብቡ። ያን ጊዜ የእያንዳንዱ አንቀጽ ትርጉም ይለወጣል።

የደራስያንን ሕይወት የሚተርኩ መጻሕፍትም ምክር ናቸው። ዘነበ ወላ ስለ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የጻፈው «ማስታወሻ» እና እንዳለጌታ ከበደ ስለ በዓሉ ግርማ የጻፈው መጽሐፍ አንድ ሥራ ከጠረጴዛ ተነስቶ አንባቢ እጅ እስኪገባ ምን እንደሚገጥመው ያሳያሉ። የስብሐት «ሌቱም አይነጋልኝ» ከተጻፈ በኋላ ብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ ነው ለኅትመት የበቃው። ረቂቄ ስድስት ወር ቆየብኝ ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ብዙ ሰው የማያስታውሰው ሌላ ምንጭ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ለዓመታት የሠሯቸው የመመረቂያ ጥናቶች ስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከፊሎቹ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ይገኛሉ። የሚወዱትን ልብ ወለድ ርዕስ ይዘው ይፈልጉ። አንድ ሰው ወራት ፈጅቶ የዚያን መጽሐፍ ትረካ፣ ገጸ ባሕርያትና የጊዜ አሰላለፍ አንድ በአንድ ፈትቶታል። አጻጻፋቸው ደረቅ ነው፤ ነገር ግን የወደዱት ነገር በምን ብልሃት እንደተሠራ ያሳይዎታል።

አንባቢን መጠየቅ፦ ትልቁ ሥራ

አሁን ረቂቁን ለሰው ይሰጣሉ። ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ ብዙ የሚያነብ ግን የማይጽፍ ይሁን። ሁለተኛው ልብ ወለዱ የሚተርክበትን ዓለም የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ገጸ ባሕርይዎ ነርስ ከሆነች ነርስ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ከሆነ የጅቡቲን መስመር የሚያውቅ ሹፌር። ሦስተኛው ራሱ የሚጽፍ ሰው ይሁን። ቤተሰብና የቅርብ ወዳጅ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ የሚያነቡት እርስዎን እንጂ ረቂቁን አይደለም።

ከተቻለ አትመው፣ ገጽ ቁጥር አስገብተው፣ በሰፊ መስመር ይስጡ። በወረቀት ሲሆን ዳርና ዳሩ ላይ መጻፍ ይቀልላል፤ በዚያ ላይ የታተሙ መጻሕፍት ሳይቀሩ ወደ ፒዲኤፍ ተለውጠው በቴሌግራም በሚዞሩበት ዘመን ያልታተመ ረቂቅን በየስልኩ መበተን ደግ አይደለም።

ምክሩ ዋጋ የሚኖረው በጥያቄው ነው። «እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ በእኛ ባህል አንድ መልስ ብቻ አለው፤ «ቆንጆ ነው፣ በርታ» ይባላል። ሰው ፊት ለፊት ሌላውን ማሳዘን ነውር ስለሆነ አንባቢዎ እውነቱን የሚናገርበትን መንገድ እርስዎ ማመቻቸት አለብዎት። ስለዚህ ፍርዱን አይጠይቁት፤ ያደረገውን ይጠይቁት። የትኛው ገጽ ላይ አቆምክ? የትኛውን ሰው ከማን ጋር አምታታህ? ከመድረሱ በፊት የገመትከው ነገር አለ? የት ላይ ገመትከው? ምን ዘለልክ?

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ረቂቅዎ በንጋት ይጀምር እንበል። ጎሕ ይቀዳል፣ ወፎች ይንጫጫሉ፣ ሰላማዊት ከእንቅልፏ ነቅታ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ያሳለፈችውን ታስታውሳለች፤ ትዝታው አምስት ገጽ ይፈጃል። ስድስተኛው ገጽ ላይ ከቤሩት የተመለሰችበት ቀን ይመጣል፦ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሊቀበላት የመጣው ታናሽ ወንድሟ አበባውን እንደያዘ ሳያውቃት በአጠገቧ ያልፋል። አንባቢውን «ወደድከው?» ቢሉት «በጣም» ይልዎታል። «መጀመሪያ የተነሳኸው የት ላይ ነው?» ቢሉት ግን «አራተኛው ገጽ ላይ ስልክ ተደወለልኝ፤ የተመለስኩበት ማታ ነው» ይላል። «ሳትነሳ የቀጠልከውስ?» «ወንድሟ ካለፋት በኋላ።» ሰውየው ምንም አልመከረዎትም፤ ልብ ወለዱ የሚጀምረው ስድስተኛው ገጽ ላይ መሆኑን ግን ነግሮዎታል። ንጋቱና ወፎቹ ይቅሩ። ከአምስቱ ገጽ ትዝታ ውስጥ የሚያስፈልገው ሁለት ዐረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እሱም ሻንጣ በሚጠበቅበት ሰዓት መግባት ይችላል።

ይኸው አንባቢ በዚያው አፉ «ወንድሟ ቢሞት ይሻላል» ሊልዎት ይችላል። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። አንባቢ የደከመበትን ቦታ ሲናገር ይመኑት፤ መድኃኒቱን ሲያዝልዎት ግን መዝግበው ያስቀምጡት እንጂ ወዲያው አይከተሉት። ሳይነጋገሩ ሁለት ሰዎች አንድ ገጽ ላይ ካቆሙ ገጹ መጠገን አለበት። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ቀደም ብለው የጻፉትን ወረቀት ያውጡ፤ እርስዎም ተጠራጥረውት ከነበረ ሁለት ድምፅ ሆነ ማለት ነው።

ሲነግሩዎት ዝም ብለው ይጻፉ። «ማለት የፈለግኩት እኮ…» ብለው የጀመሩ ዕለት አንባቢው ያዝንልዎታል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ይሉኝታ የተቀላቀለበት ይሆናል። ማብራሪያዎ መጽሐፉ ውስጥ ከሌለ የገዛው ሰው ዘንድ አብሮት አይሄድም።

በውጭ አገር ሆነው ስለ አዲስ አበባ የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ ከሦስቱ አንባቢዎች አንዱ ዛሬ እዚያ የሚኖር መሆን አለበት። በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ትዝታ የተሠራች ከተማ የቆየች ከተማ ናት። በ2016 ዓ.ም. ከፊል ፒያሳ ፈርሷል፤ ጎዳናውም የታክሲውም መነሻ ተለዋውጧል። ታሪኩ በ1990ዎቹ ውስጥ ከሆነ ትዝታዎ ሀብት ነው። በዘንድሮ ላይ ካስቀመጡት ግን አንድ የቦታ ስህተት የአንባቢውን እምነት ይወስዳል።

ማኅበርና መድረክ

የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር፣ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በወመዘክርና በየባህል ማዕከሉ የሚካሄዱ የመጽሐፍ ውይይቶች፣ በየከተማው ያሉ የንባብ ክበቦች ሰው የሚተዋወቁባቸው ቦታዎች ናቸው። ረቂቅዎን ተሸክመው አይሂዱ። መጀመሪያ የሌላ ሰው መጽሐፍ ሲተች ቁጭ ብለው ያዳምጡ፤ በሁለት ሦስት ውይይት ውስጥ ማን አንብቦ እንደሚናገር፣ ማን ሽፋኑን አይቶ እንደሚናገር ይለያሉ። አንብቦ የሚናገረውን ሰው ነው የሚፈልጉት። እሱን አንድ ምዕራፍ እንዲያይልዎት መጠየቅ ይችላሉ፤ ሦስት መቶ ገጽ ግን አያሸክሙት።

አጭር ልብ ወለድ ካለዎት ለጋዜጣና ለመጽሔት የሥነ ጽሑፍ ዓምዶች ይላኩ። ክፍያው ኖረም አልኖረም አንድ ባለሙያ የእርስዎን ዐረፍተ ነገር ሲቆርጥ ማየት ትምህርት ነው። የታተመውን ከላኩት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው የጎደለውን ቃል ሁሉ ያስምሩበት።

አርታኢ

ጥሩ አርታኢ የት ይገኛል ለሚለው ቀላሉ መልስ የምስጋና ገጽ ነው። ቋንቋውን የወደዱለትን በቅርብ ዓመታት የታተመ ልብ ወለድ ያንሱና መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ያለውን ምስጋና ያንብቡ፤ ያረመውና ያርትዖቱን ሥራ የሠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ተጠቅሷል። ሦስት ስም ሲያገኙ በደራሲው በኩል ይጠይቁ።

ከመስማማትዎ በፊት አሥር ገጽ ይስጡትና እንዴት እንደሚሠራ ይመልከቱ። ፊደል ብቻ አስተካክሎ ከመለሰው አራሚ ነው፤ እሱም ያስፈልጋል፣ ግን በመጨረሻ። «ይህች ሴት ለምን ትመለሳለች? ምክንያቷ አልታየኝም» ብሎ ዳር ላይ ከጻፈ አርታኢ አግኝተዋል። ስንት ዙር እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያስረክብና ክፍያው በጽሑፍ ይስፈር።

የአርታኢውን ጊዜና የእርስዎን ገንዘብ የሚቆጥብ አንድ ዝግጅት አለ። የፊደል አጠቃቀምዎን አስቀድመው ይወስኑ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ የት የት እንደሚገቡ የከሣቴ ብርሃን ተሰማን ወይም የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ተከትለው መሄድ ይችላሉ፤ ማቅለልም ይችላሉ። የማይቻለው አሥረኛው ገጽ ላይ «ኃይሉ»፣ አርባኛው ላይ «ሀይሉ» ማለት ነው፤ አንባቢው ሁለት ሰው ሊመስለው ይችላል። የገጸ ባሕርያትን ስም፣ የቦታ ስሞችንና የተመረጡ ቃላትን በአንድ ገጽ ዘርዝረው ከረቂቁ ጋር ይስጡ። ጽሑፉም በዩኒኮድ ይተየብ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተተየበ ጽሑፍ ወደ ገጽ አቀናባሪው ኮምፒውተር ሲሄድ ፊደላቱ ተዛብተው ይወጣሉ፤ የታረመው ሁሉ እንደገና ይታረማል።

መጽሐፍ ሻጩና ማተሚያ ቤቱ

ጀማሪ ደራሲ የሚዘነጋቸው አማካሪዎች እነዚህ ናቸው፤ እኔ ግን ከብዙ የሥነ ጽሑፍ ሰው በላይ ዋጋ እሰጣቸዋለሁ። ለማተም ከመወሰንዎ በፊት ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ወደ መጽሐፍ መደብር ይሂዱ። መጀመሪያ ቆመው ይመልከቱ፦ ገዢው መጽሐፉን ሲያነሳ ከፊት ሽፋን ቀጥሎ የት ይሄዳል? ብዙው ወደ ጀርባ ሽፋን፣ ከዚያ ወደ ዋጋው ይሄዳል። ጀርባው ላይ የታዋቂ ሰው ምስጋና ብቻ ካገኘ ታሪኩ ስለ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይመልሰዋል። ቀጥለው ሻጩን ይጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ከመጡት አዳዲስ ደራስያን ማን ተሸጠ? ሳይሸጥ የተመለሰውስ? በየትኛው ወር ነው ሰው የሚገዛው? መንገድ ላይ መጽሐፍ የሚያዞሩትንም ያነጋግሩ፤ በቀን ብዙ ሰው ፊት መጽሐፍ ስለሚዘረጉ ርዕስዎን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የሚያዩት ነገር ብዙ ይነግርዎታል።

አከፋፋዩን ግልጽ ጥያቄ ይጠይቁት። ከሽፋን ዋጋው ስንት በመቶ ይወስዳል? ገንዘቡን በምን ያህል ጊዜ ይከፍላል? ያልተሸጠውን በምን ሁኔታ ይመልሳል? የክልል ከተሞች ማጓጓዣ በማን ወጪ ነው? መልሱን ተቀብለው ብቻ አይመለሱ፤ እሱ ዘንድ መጽሐፍ ያስረከቡ ሁለት ደራስያንን አፈላልገው ገንዘባቸውን በወቅቱ ማግኘታቸውን ይጠይቁ። ያስረከቡትን ብዛት የሚያሳይ የተፈረመበት ሰነድ ሳይዙ አንድ ካርቶን እንኳ አይተዉ።

ማተሚያ ቤት ሲሄዱ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ይውሰዱ፤ ሁሉም ጋ ተመሳሳይ ነገር ይጠይቁ፦ የገጽ ብዛት፣ መጠን፣ የውስጥ ወረቀቱ ግራም፣ የሽፋኑ ዓይነት፣ የጥረዛው ዓይነት፣ የኮፒ ብዛት። አለዚያ ዋጋዎቹን ማወዳደር አይቻልም። ፕሮፎርማው ለስንት ቀን እንደሚጸናም ይመልከቱ። ወረቀት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያለፈው ዓመት የወዳጅዎ ዋጋ ለእርስዎ መረጃ አይሆንም።

ሠራተኛውን ስለ ፎርም ይጠይቁት። መጽሐፍ የሚታተመው ገጽ በገጽ አይደለም፤ አንድ ፎርም በአብዛኛው 16 ገጽ ይይዛል። ልብ ወለድዎ 226 ገጽ ከሆነ 14 ፎርም 224 ገጽ ስለሚሸፍን ለሁለቱ ገጾች ተጨማሪ ፎርም ወይም ግማሽ ፎርም ይከፍላሉ። ይህን ከማተምዎ በፊት ካወቁ ገጽ አቀናባሪው የምዕራፍ መነሻዎችን በማሸጋሸግ ሁለቱን ገጽ ያስገባቸዋል። ይህን ምክር የሚሰጥዎት ደራሲ አይደለም፤ ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሰው ነው። ከማተሙ በፊት የመጨረሻውን ናሙና በወረቀት አውጥተው፣ ከዚያ በፊት ያላነበበው ሰው እንዲያነበው ያድርጉ። የእርስዎ ዓይን ከእንግዲህ ስህተት አያይም።

የመጽሐፉን መለያ ቁጥር፣ ማለትም አይኤስቢኤን፣ የሚሰጠው ወመዘክር ነው፤ ሽፋኑ ከመታተሙ በፊት ይውሰዱት። ከታተመ በኋላም በሕጉ መሠረት ቅጂ ለዚያው ቤት ያስገባሉ።

አሳታሚ ከተገኘ

በራሱ ወጪ ላሳትምልህ የሚል አሳታሚ ከመጣ ደስ ይላል፤ ምክሩ አሁን ከሕግ ባለሙያ ይሁን። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብትዎ የሚወለደው ሥራውን ሲፈጥሩ ነው፤ ለመጠበቅ የግድ መመዝገብ አያስፈልገውም። ሆኖም ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ስለሚሆን አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ይጠቅማል። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ስለዚህ የሚፈርሙት ለልጆችዎም ጭምር ነው። የኢኮኖሚ መብትን ማስተላለፍ በጽሑፍ መሆን አለበት። በቃል «እንተማመን» የሚል ሰው ቢወዱትም በወረቀት ያድርጉት።

ውሉ ውስጥ አራት ነገር ይፈልጉ፦ ለስንት ኮፒ ወይም ለስንት ጊዜ እንደሚሰጡ፣ ድርሻዎ ከሽፋን ዋጋ ይሁን ከተጣራ ገቢ፣ የኮፒው ብዛት በምን እንደሚረጋገጥ፣ በስምምነቱ ጊዜ ካልታተመ መብቱ ወደ እርስዎ መመለሱ። «ማናቸውንም መብት» የሚል ሐረግ ካዩ ያስወጡት። የመጽሐፍ ኅትመት፣ የድምፅ መጽሐፍ፣ የሬዲዮ ትረካ፣ ፊልም፣ ትርጉም እያንዳንዱ ለብቻው የሚሸጥ ነው፤ መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው ፊልሙን የሚወስድበት ምክንያት የለም።

ልብ ወለድዎ ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው በቀላሉ ራሱን የሚያውቅበት ገጸ ባሕርይ ካለም ለሕግ ባለሙያው ይንገሩት። የበዓሉ ግርማ «ደራሲው» ውስጥ ያለው ሲራቅ ስብሐትን እንደሚመስል በሰፊው ይነገራል፤ ሁሉም ሰው ግን እንደ ስብሐት አይስቅም።

ውሉን ቤት ወስደው አሳድረው ይፈርሙ። እዚሁ አሁኑኑ ካልፈረሙ የሚል አሳታሚ ካጋጠመዎት ረቂቁን ይዘው ይውጡ።